የይርገዱ በርበሬ

ሐምሌ 4፣ ከቀኑ 10 ሰ.

ሽሮው አረረ። ደፋሁት። ውሻው አሽትቶ ጥሎት ሄደ። ነገ ጾመ ሐዋርያት ይፈታል፤ ሌላ ሽሮ ለመሥራት ሰነፍኩ። ቆሎ ቆርጥሜ ዋልኩ።

ጨው ፍለጋ ጓዳ ገብቼ የድንብላሉን ጣሳ ከፈትኩ። ትንንሽ ቡናማ ነገር ይርመሰመሳል። ነቀዝ። እንዳለ ደጅ ደፋሁት፣ ዶሮዎቹ ተሻሙበት። ከዚያ በቀጥታ ወደ ትልቁ ማሰሮ። ከፈትኩ። ደህና ነው። ቀይ፣ ደረቅ፣ ሽታው ያስነጥሳል። ተመስገን።

ደብተር፣ ይህ ማሰሮ ምን እንደሆነ ላንተ ጽፌልህ አላውቅም። ይ. (ይርገዱ፣ ሚስቴ) ከመሞቷ ሦስት ወር በፊት ያሰናዳችው የመጨረሻ በርበሬ ነው። ነሐሴ 21 ቀን ሙት ዓመቷ ነው። በአርባዋ ቀን፣ ማኅበርተኞቿ ሁሉ ባሉበት፣ አፌን ሞልቼ ተናገርኩ። የሙት ዓመቷ ወጥ የሚሠራው በራሷ በርበሬ ነው፣ ሌላ አይገባበትም፣ ሰው አንድ ጊዜ እንኳ የእጇን ይቅመስ አልኩ። እህቷ እናኑ አለቀሰች። አሮጊቶቹ መረቁኝ። ከዚያ ወዲህ በወር አንድ ማንኪያ ብቻ ነው የምወስደው። እሱንም እንዲህ አሳርሬ እደፋዋለሁ።

ሐምሌ 9፣ ከቀኑ 9 ሰ.

ዝናብ። ሥራ የለም፤ በዚህ ጭቃ ማን ግንብ ያስገነባል።

ጓዳ ውስጥ ተቀምጬ ዋልኩ። ይህን ጓዳ የገነባሁት እኔ ነኝ፣ ድንጋዩን ከታች ከወንዙ ተሸክሜ። ሠላሳ አንድ ዓመት ግን ከደጃፉ አላለፍኩም። ይ. አታስገባኝም። እጅህ እርጥብ ነው ትለኛለች፣ ውጣ። የግንበኛ እጅ መቼ ይደርቃል። እሷ ራሷ ስትገባ እጇን በቀሚሷ ሁለት ጊዜ ትጠርጋለች። የበርበሬው ማንኪያ የእንጨት ነው፣ ምስማር ላይ ለብቻው ይሰቀላል፣ ወጥ ነክቶ አያውቅም።

ጣሳዎቹ ላይ ስም አልጻፈችም። ማንበብ አትችልም፣ ቢያስፈልጋትም አትጽፍም ነበር። እያሸተትኩ ለየሁ። ኮረሪማው ከነልጣጩ። ጥቁር አዝሙዱ በቅል። ቅርንፉዱ በመድኃኒት ብልቃጥ። አብሽ። ነጭ አዝሙድ። ወረቀት ቆርጬ ስማቸውን ጻፍኩና ለጠፍኩ። ቆሜ አየሁት፤ ጓዳው ጤና ጣቢያ መሰለ። ሁሉንም መልሼ ገነጠልኩ።

የድንብላሉ ነቀዝ ከአእምሮዬ አልወጣም። ወደ ማሰሮው ቢሻገርስ?

ሐምሌ 21፣ ከቀኑ 11 ሰ.

ተራራው ላይ ያለችው አሸተን ማርያም ወጥቼ መጣሁ። ሦስት ቦታ አረፍኩ። ባለፈው ዓመት እንዲህ አልነበርኩም። ጉሙ ከታች ሆኖ ከተማው አይታይም።

ጠበል በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዤ ወረድኩ። ለጓዳው።

ቤት እንደ ደረስኩ እጄን ታጥቤ ገባሁ። ጸሎት አደረስኩ። ግድግዳውን ረጨሁ፣ መደርደሪያውን ረጨሁ፣ ጣሳዎቹን አንድ በአንድ ከፍቼ በጣቴ ጠብ ጠብ አደረግኩባቸው። ትልቁንም ማሰሮ፣ በስመ አብ ብዬ በመስቀል ምልክት። የተረፈውን ጠጣሁ፣ ፊቴን ታጠብኩበት። ከታች አንድ ጭብጥ የምትሆን ቀረች። ጠበል መሬት አይደፋም፣ እግር ይረግጠዋል። ማሰሮው ውስጥ ጨመርኳት። ነቀዝ እንዳይገባ በላዩ ላስቲክ ወጥሬ በሲባጎ አሰርኩ።

ደስ አለኝ፣ ደብተር። ልንገርህ፣ ከሞተች ወዲህ ለእሷ አንድ ነገር የሠራሁላት ዛሬ መሰለኝ።

ሐምሌ 28፣ ጠዋት 2 ሰ.

ስድስት ቀን ሳያባራ ዘነበ። ላስቲኩ ከውስጥ በኩል ላብ ይዟል። ጠብታ ጠብታ። ፈታሁት። ሽታው ልክ አይደለም። እርጥብ ጆንያ ይሸታል። ምናልባት የኔ አፍንጫ ነው፣ ጉንፋን ይዞኛል።

መልሼ አሰርኩት።

ነሐሴ 3፣ ከቀኑ 8 ሰ.

ጉንፋን አይደለም።

በርበሬው ላይ ነጭ ወጥቷል። እንደ ጥጥ። ጠርዙ አረንጓዴ። በማንኪያ ገፈፍኩ፣ ከሥሩ ያለው እንደ ጭቃ ተጋግሯል። ጠልቄ ማንኪያውን ሰደድኩ፣ ከመሐልም ነጭ ይዞ ወጣ። ማሰሮውን አቅፌ መሬት ተቀመጥኩ። ስንት ሰዓት እንደ ተቀመጥኩ አላውቅም።

ልጄ ብርቱካን ከደሴ ደወለች። ለሙት ዓመቱ ምን ይዤ ልምጣ ትላለች። በርበሬውስ አለችኝ፣ ክረምቱን ቻለው? ደህና ነው አልኳት። እንዲህ ብዬ ዋሸሁ፤ በፍልሰታ፣ በጾም አፍ።

ነሐሴ 8፣ ከቀኑ 7 ሰ.

ጠዋት ፀሐይ ብቅ አለች። ሰሌን አነጠፍኩ፣ በርበሬውን አወጣሁ፣ በጣቴ እየሰበርኩ ዘረጋሁት። ነጩን እየለቀምኩ። ዓይኔ ነደደ፣ አፍንጫዬ ፈሰሰ። በአጥሩ በኩል የምታልፍ ሴት በነሐሴ በርበሬ ያሰጣል እንዴ ሰው ብላ ስቃ አለፈች። ነጩን መልቀሜን ቀጠልኩ።

አንድ ሰዓት አልቆየም። ደመናው ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ በኩል ተንከባሎ መጣ። እየሮጥኩ ሰበሰብኩ። ግማሹ ረጠበ። አሁን ከቀድሞው ይብሳል።

ግንበኛ ነኝ። እርጥበት ከመሬት በድንጋይ ውስጥ ሾልኮ እንደሚወጣ አውቃለሁ፣ ለሰው ቤት ስሠራ ሁልጊዜ እናገራለሁ፣ እህል ከግድግዳ አራርቁ እላለሁ። በገዛ እጄ ግን በርበሬ ውስጥ ውኃ ጨመርኩ። እምነት ነበር? ራሴን እጠይቃለሁ።

ነሐሴ 11፣ ከቀኑ 5 ሰ.

ያሰብኩትን ላንተ ብቻ ልጻፍ።

በወንፊት ብነፋው፣ ብረት ምጣድ ላይ ባምሰው፣ ከገበያ አዲስ በርበሬ ገዝቼ እኩል በእኩል ባቀላቅለው፣ ማን ያውቃል? ቅቤና ሽንኩርት ሽታውን ይውጠዋል። ቃሌም ይጠበቃል። የይ. በርበሬ ነው እላለሁ፣ ውሸትም አይደለም፣ ግማሹ የሷ ነው።

ትናንት ማታ ጥቂት አምሼ ሞከርኩት። ሽሮ ሠርቼ ቀመስኩ። መራራ ነው። ሦስት ጉርሻ በላሁ። ሆዴ ሌሊቱን ሲቆርጠኝ አደረ፣ ዛሬም ቁርጠቱ አልለቀቀኝም።

ግን ሰው ሦስት ጉርሻ ብቻ አይበላም። አሮጊቶቹ አሉ። ልጆች ይመጣሉ። ይ. ታማ በዚያ በመጨረሻዋ ሳምንት ሆዷን ይዛ የምትቃትተው ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ።

እንዲህም ሆኖ ሐሳቡ አልተወኝም። ይህን ነው የምፈራው። ምናልባት አዲሱን ባበዛው እያልኩ ነው ያለሁት።

ነሐሴ 14፣ ከቀኑ 11 ሰ.

ፍልሰታን ሳልቆርብ ላሳልፍ ነው። ኅሊናዬ አላስጠጋኝም። ከቅዳሴ በኋላ የነፍስ አባቴን ጠብቄ ነገርኳቸው። ሁሉን፣ ላስቲኩን ሳይቀር። የማቀላቀሉንም ሐሳብ።

ይቆጡኛል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። አልተቆጡም። ይ. ጓዳዋን ጠበል ትረጭ እንደሆነ ጠየቁኝ። ደጃፉን ትረጫለች አልኩ። ውስጡንስ አሉኝ። አይቼ አላውቅም አልኩ።

«አልረጨችም ነው ወይስ አላየህም?»

ከዚያ በሙት ስም የተበላሸ ምግብ ለሕያው እንዳላቀርብ አጥብቀው አዘዙኝ። ንስሐውም ይህ ነው አሉ፤ ጾሙ ሳይፈታ ለእናኑ በገዛ አፌ መንገር። ስግደት ይሻለኝ ነበር። መቶም ሁለት መቶም እሰግድ ነበር።

ነሐሴ 15፣ ከቀኑ 10 ሰ.

ነገርኳት።

እናኑ ደጇ ላይ ጌሾ ትለቅም ነበር፣ ለራሱ ለሙት ዓመቱ ጠላ። ቆሜ ጀመርኩ፣ ስጨርስ ተቀምጬ ነበር። ከእጇ ላይ ጌሾው አልወረደም።

«አያ ደምሌ፣» አለች በመጨረሻ፣ «በርበሬውን አጠመቁት?»

ሳቀች። ጮክ ብላ። ሳቋ መሐል ላይ ተሰብሮ ልቅሶ ሆነ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ለረጅም ጊዜ አለቀሰች። የምገባበት ጠፋኝ።

«ያቺን ጭብጥ ጠበል ጠጥተው አይጨርሷትም ኖሯል?»

«አልመጣልኝም።»

«ማሰሮውስ የት ነበር ሐምሌን ሙሉ?»

ታችኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከግድግዳው ተጠግቶ አልኳት። ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። ቆጥ ላይ አላወጡትም? ይ. እኮ ሰኔ ሲያልቅ ማሰሮዎቹን ሁሉ ከምድጃው በላይ ቆጥ ላይ ታወጣለች አለችኝ፣ ጭስና ሙቀት እንዲያገኛቸው፤ በመስቀል ታወርዳቸዋለች። በየዓመቱ። እናታቸውም እንዲሁ ታደርግ ነበር። ጠበል ባይነካውም ታች ተቀምጦ ክረምቱን አይወጣም ነበር።

«ማን የሚያወጣላት ይመስልዎታል? ያን የሚያህል ማሰሮ ለብቻዋ?»

ደብተር፣ እኔ ነበርኩ የማወጣላት።

በየዓመቱ ሰኔ መጨረሻ ማሰሮውን እስከ ጓዳው ደጃፍ ጎትታ ና ይህን አንሣልኝ ትለኛለች። እያጉረመረምኩ መሰላሉ ላይ እወጣለሁ። አንድ ጊዜ ምን ያስሮጥሻል ብዬ ጮኼባታለሁ። በመስከረም አውርድልኝ ትላለች፣ አወርዳለሁ። ሠላሳ አንድ ጊዜ። ክብደቱን ትከሻዬ ያውቀዋል። ለምን እንደሆነ አንድ ቀን አልጠየቅኩም።

እናኑ ጠላ ይጠጡ አለችኝ። በጾም ለእንግዳ ያላት ጠላ ብቻ ነው። አልጠጣሁም። ተነሥቼ ስሄድ ቅዳሜ ገበያ አብረን እንደምንወርድ ነገረችኝ፣ እንደ ትእዛዝ።

ነሐሴ 17፣ ከቀኑ 6 ሰ.

ጾሙ ተፈታ። ትናንት ገበያ ወርደን ዛላ በርበሬ ገዛን። እኔ አላውቅም፣ የሚያምረውን ቀዩን አነሣሁ፤ እናኑ ከእጄ ነጥቃ ዛላውን ጆሮዬ ላይ ነቀነቀችው። ፍሬው ካልተንሿሿ እርጥብ ነው አለች። ሰሙ አያ፣ በጆሮ ነው የሚገዛ።

ዛሬ ጠዋት የይ.ን በርበሬ ቀበርኩ። ዶሮ እንዳይጭረው ከአጥሩ ሥር ጥልቅ አድርጌ ቆፈርኩ፣ አመድ አለበስኩት። ጸሎት ላድርስ አልላድርስ ብዬ ቆምኩ። በርበሬ ነው፣ ሬሳ አይደለም። ባርኔጣዬን ግን ሳላስበው አውልቄ ነበር።

ከሰዓት ዛላ ስንቀነጥስ እንውላለን። ምድጃው ላይ ሌት ተቀን እሳት አለ፤ ፀሐይ ከሌለ በጭስ ይደርቃል አለች።

ነሐሴ 19፣ ከቀኑ 9 ሰ.

ጣቶቼ ይቃጠላሉ። ኖራ እንዲህ አቃጥሎኝ አያውቅም። ረስቼ ዓይኔን አሸሁ፣ እናኑና ብርቱካን (ትናንት ከደሴ ገባች) ተያይዘው ሳቁብኝ። ብርቱካንንም ዋሽቻት እንደ ነበር ነገርኳት። ገብቶኝ ነበር አባዬ አለች፣ ድምፅህ ደህና ነው ሲል ደህና አልነበረም።

እጠይቃለሁ አሁን። ነጭ ሽንኩርቱ መቼ ይገባል? ለምን ደርቆ? ኮረሪማው ለምን ከነልጣጩ ይቀመጣል? ከተፈለፈለ ነፍሱ ይወጣል አለችኝ እናኑ፣ የሚፈለፈለው በዕለቱ ነው። የይ.ን ኮረሪማ ከጓዳ አወጣሁ። ልጣጩ ላይ ጠበል ነክቶታል፣ ውስጡ ደረቅ ነው። ፈለፈልነው። ሦስታችንም ዝም አልን፣ ሽታው ቤቱን ሞላው።

ከሷ እጅ ያለፈ ይህ ብቻ ገባበት።

ነሐሴ 21፣ ከቀኑ 11 ሰ.

ሰው ሄደ። ብርቱካን ሳህን ታጥባለች። 

ፍትሐቱ በጠዋት ሆነ። ወጡ ከመውጣቱ በፊት ተነሣሁ። በአርባዋ ቀን የተናገርኩት ቃል አለ አልኩ፣ አልጠበቅኩትም። በርበሬዋን እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ውኃ ጨመርኩበት። የምትበሉት የሷ አይደለም። ከዚህ የበለጠ ቃል አላገኘሁም።

ከማኅበርተኞቿ ትልቋ፣ ዓይናቸው የደከመው፣ ይርገዱ ብትሰማ በማማሰያ ነበር የምትልህ አሉ። ሰው ሳቀ። እኔም ፈገግ አልኩ መሰለኝ። እሷ ሆዷ ለኔ ይራራ እንደ ነበር አሮጊቷ አያውቁም፤ በማማሰያ አትልም፣ ዝም ብላ ታየኝ ነበር እንጂ።

ወጡን አመሰገኑት። ጨው በዝቶበታል። እኔ ለመጀመሪያው ጉርሻ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፣ ሞኝ ነኝ። ጥሩ ወጥ ነው። የሷ አይደለም።

አሁን ሳህኑ ሲንኳኳ እየሰማሁ አሰብኩት። በእጇ በርበሬ ለመጨረሻ ጊዜ የሠራሁት መቼ ነው? በርበሬው ደህና ሳለ፣ ጠበል ሳይነካው። ወደ ኋላ ገልጬ አንተን አነበብኩ። ሐምሌ 4። ያ ያረረው ሽሮ። የደፋሁት። ውሻ ያልበላው።

ጳጉሜን 3፣ ጠዋት 4 ሰ.

ብርቱካን ከሄደች ሳምንት አለፈ። ቤቱ ባዶ ነው።

ማሰሮው እስከ ዛሬ አልታጠበም። እናኑ ሁለት ጊዜ ላከችብኝ፣ የተረፈውን አዲስ በርበሬ አስቀምጬልዎታለሁ፣ ማሰሮውን ያምጡ ብላ። አልወሰድኩም። እውነቱን ልጻፍ፤ ክዳኑን እያነሣሁ አሸተዋለሁ። ሻጋታው ከላይ ነው። ከሥሩ፣ ሸክላው ውስጥ ጠልቆ፣ የቀድሞው ሽታ አለ። የሠላሳ አንድ ዓመቱ። በየቀኑ ትንሽ እየሳሳ ይሄዳል፣ ወይም አፍንጫዬ እየለመደው ነው። ዛሬ ጠዋት ሳነሣው ሻጋታው ብቻ ሸተተኝ። ትናንት ነበር። ዛሬ የለም። እንደገና ሞከርኩ። ክዳኑን በከፈትኩ ቁጥር ሽታውን የማወጣው እኔው ነኝ።

ዛሬ ሩፋኤል ነው። ዝናቡ የተባረከ ነው ብለው ልጆች ከደጅ ሆነው ወደ ሰማይ ያንጋጥጣሉ፣ ሊታጠቡበት። ደመናው ከብዷል።

ወስኛለሁ። ማሰሮውን አፉን ከፍቼ ደጅ አወጣዋለሁ፣ ዛሬ የሚዘንበው ይጠበው። በመስከረም ፀሐይ ይደርቃል። በደንብ። አምስት ቀን፣ ስድስት ቀን፣ ሸክላው ሲነካ ሞቆ እስኪሰማኝ። ከዚያ ወደ እናኑ። የእንጨቱን ማንኪያ አጥቤ ምስማሩ ላይ እመልሰዋለሁ። ሰኔ ሲያልቅ ደግሞ መሰላሉን አቁሜ፣ ማንም ሳይጠራኝ፣ ቆጥ ላይ

ቆርቆሮው ላይ ጠብ ጠብ አለ። ጀመረ። እጄን ልጥረግና ላውጣው